ከምሳ በኋላ የፈረምኩት ወረቀት

ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ መንገዴ ግን አንድ ነው፤ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፈውን መንገድ በየሳምንቱ አየዋለሁ እንጂ ታጥፌበት አላውቅም ነበር። ከሀዋሳ ስመለስ የሰፈር ሰው ሁሉ «እስቲ አውራን» እያለ አላስቀምጥ ስላለኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ሀዋሳ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሊዲያ የምትባል የማስተርስ ተማሪ ስለ ሾፌሮች ዓይን ታጠናለች። መሣሪያዋ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉት ራስ ላይ የሚጠለቅ ትልቅ ጥቁር መነጽር ነው። ሲያጠልቁት ያሉበት ክፍል ይጠፋና በኮምፒውተር የተሠራ መንገድ ውስጥ ይገባሉ። በውስጡ ያሉት ትንንሽ ካሜራዎች ደግሞ ዓይንዎ የት የት እንዳረፈ ይከታተላሉ። የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበራችን ይህን መነጽር ገዝቶ ሾፌሮቹን በየዓመቱ ሊፈትሽበት አስቦ ስለነበር፣ አንድ ሰው ሄዶ ሞክሮት እንዲመጣ ተወሰነ። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ እያየ «ከተሾመ የተሻለ ዓይን ያለው ማን አለ?» አለና ትኬት ተቆረጠልኝ።

አሁን የማልደብቀውን ያን ጊዜ ደብቄው ነበር። ከዓመት ወዲህ በግራዬ በኩል ያለው ነገር ይጠፋብኛል። አያምም፣ አይጨልምም፤ ዝም ብሎ የለም። መንጃ ፈቃዴን ሳሳድስ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤ አልፌያለሁ፤ ፊት ለፊት ያለውን ማየት አልተሳነኝማ። ለጎኑ አንገቴን ማዞር ለመድኩ። ባለፈው ክረምት ጭሮ አጠገብ አንዲት አህያ በግራ ገብታብኝ፣ ረዳቴ ባይጮህ ኖሮ ሃምሳ ሰው ይዤ ገደል ነበርኩ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ይኸው ነው። አልሄድም ብል ደግሞ ለምን ይባላል፤ መነጽሩንም አንገቴን እያዞርኩ እሸውደዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ረቡዕ

ሾፌር ተሳፋሪ ሲሆን ማየት ለጠላትም አይመኙት። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ እግሬ በሌለ ፍሬን ላይ እየቆመ አስቸገረኝ። ቁሉቢን አልፈን አንድ ኩርባ ላይ ሾፌሩ ሲዘገይብኝ ባለኝ ኃይል ረገጥኩና ከፊቴ ወንበር ሥር የነበረውን የአንዲት እናት ፔርሙዝ ገለበጥኩት። ሻዩ እስከ ኋላ ወንበር ወረደ። ይቅርታ ስላት «ምን አባቴ ላድርግህ፣ ሾፌር መሆንህን ገና ስትገባ አውቄያለሁ» አለችና የያዘችውን ቆሎ ግማሹን ወረቀት ላይ አፍስሳ ሰጠችኝ። እስከ አዋሽ በቆሎዋ ሄድኩ።

አዳማ ያደርኩበት ፔንሲዮን ውሃ አልነበረውም። አከራይዋ ይህን ስነግራት ደንግጣ ከራሷ ቤት ሁለት ጀሪካን አስመጣችልኝ፤ አንዱ ሞቅ ያለ ነበር። እኛ ድሬ ሙቅ ውሃ ከቧንቧው ያለ ማሞቂያ ስለሚወርድ ለመታጠቢያ ውሃ የሚያሞቅ ሰው ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሐሙስ

ሞጆ ላይ ታጠፍን። በአዲስ መንገድ ላይ ያለ ሰው እንደ ሕፃን ነው፤ መቂን፣ ባቱን፣ ሐይቆቹን ሁሉ አፌን ከፍቼ አየሁ። በግራ ያሉትን ለማየት መላ ሰውነቴን ስለማዞር አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ወንበሩን ልቀይርልህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይ፣ ወገቤን አሞኝ ነው አልኩት። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ወገብም አይቀረው።

ሀዋሳ መናኸሪያ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ግድም ነበር። ባጃጁ እንደ ድሬ ነው፤ እንዲያውም ቀለሙ ባይለይ ቤቴ የደረስኩ ይመስለኝ ነበር። ጥላው ግን ሌላ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ነው፣ ነፋሱም ከሐይቁ እየመጣ አንገት ሥር ይገባል። እኛ በዚያ ሰዓት በር ዘግተን የምንተኛ ሰዎች ነን፤ እዚህ ግን ሰው ሁሉ እየሄደ ነው።

ሊዲያ ጥናቷ ለሆቴል የሚሆን በጀት ስለሌለው ከሩቅ የሚመጣውን ሾፌር አክስቷ ቤት ታሳርፋለች። አክስቷ ወይዘሮ ማርታ ፒያሳ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ባሏ አቶ ሳሙኤል በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ይሠራል። ሁለቱም የወንጌል አማኞች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በሲዳምኛ ያወሩና ወደ እኔ ሲዞሩ አማርኛው ይጀምራል። እኛ ድሬ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የምንለው። እዚህ «እርስዎ ደክሞዎታል» ስባል ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልኩ። ወይዘሮ ማርታን አንቺ ብዬ ስጠራት ደግሞ አቶ ሳሙኤል ሳቁን ሊውጥ ሲታገል አየሁት። ከዚያ በኋላ እርስዎ ለማለት ሞከርኩ፤ እሷ ግን የድሬውን ወድጄዋለሁና ተወው አለችኝ።

ምሳው ቡርሳሜ ነበር። ቆጮ በቅቤ ተለውሶ በሸክላ የሚቀርብ የሲዳማ ምግብ ነው፤ እንደ እኔ በሙቀት አገር ለኖረ ሆድ ከባድ ነው ብዬ ስፈራ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ። በመካከል ወይዘሮ ማርታ የድሬ ሰው ነህና ጫት ትቅማለህ ወይ ስትለኝ፣ ከተውኩት ዓመታት አልፈዋል አልኳት። ቤቷ የጸሎት ቤት ነው፣ ምን ልበላት። እውነቱ ከተውኩት ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው።

ወይዘሮ ማርታ ወደ ሱቋ እንደሄደች አብራን ምሳ የበላችው ሊዲያ አራት ገጽ ወረቀት አወጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስታወራ እጇን የምታወናጭፍ ልጅ ናት። ይህ የፈቃድ ቅጽ ነው፣ አንብበው ይፈርሙ አለችኝ። የአክስቷን ቅቤ ከጣቴ ላይ ሳላጥብ ወረቀት ላንብብ? የሰው ቤት እንጀራ በልቶ «እስቲ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ» ማለት መጠርጠር ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ሳላነብ ፈረምኩ። የጣቴ ቅቤ ከፊርማዬ ጎን ክብ ምልክት ተወ።

ዓርብ

ጠዋት ቁርስ ላይ ሽሮ በዘይት ተሠርቶ ቀረበልኝ። ጿሚ መሆኔን አልተናገርኩም፤ ወይዘሮ ማርታ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይታ ነው። እነሱ ዓርብን አይጾሙም፤ እኔ እንዳላፍር ግን ሁሉም ያንኑ ሽሮ በሉ። ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ ይነካል።

የዩኒቨርሲቲው ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መሪና ሁለት ፔዳል ነው። መነጽሩን ሳጠልቅ ክፍሉ ጠፋና አንድ ከተማ ውስጥ የቆመ አውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሱቁ፣ ባጃጁ፣ የሚሻገረው ሰው፣ ሁሉም አለ። ሃያ ደቂቃ ነዳሁ። ማንንም አልገጨሁም። አንገቴን እንደ ሰጎን እያዞርኩ ስጨርስ ልቤ ሞላ፤ ሸወድኩት አልኩ።

ሊዲያ የነዳሁትን መንገድ ስክሪን ላይ መልሳ አሳየችኝ። ዓይኔ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቀይ ነጥብ አለው፤ በቆየሁ ቁጥር ነጥቡ ይወፍራል። አንድ ጥግ ላይ ግን ነጥቡ እንደ ሎሚ አብጧል። ጠጋ ብዬ ሳይ ከተማውን የሠሩት ተማሪዎች ለማሳመር ብለው የሳሉት የጫት መሸጫ ነው። ሦስት ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ። እኔ አላስታውስም፤ ዓይኔ ግን ሄዷል። ሊዲያ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፣ እኔም ሰው ይሻገር ይሆን ብዬ ነው አልኩ። የልቤን ምኞት እኔ ሳላውቀው ካሜራ ያውቀው ብዬ አፈርኩ።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሊዲያ አንድ ቦታ አስቁማ ደጋገመችው። በግራ በኩል ሞተር ይመጣል፤ ነጥብ የለም። ኳስ ይንከባለላል፤ ነጥብ የለም። ሴትዮ ከእግረኛ መንገድ ትወርዳለች፤ ነጥቡ የሚመጣው ከፊቴ ከደረሰች በኋላ ነው። አንገቴ ዞሯል፣ እሱም ለብቻው ተመዝግቧል፤ ዓይኔ ግን አላየም። ደክሞዎት ነበር ወይ ስትለኝ መነጽሩ ጠብቆኝ ነው አልኳት። ሁለታችንም አላመንንም።

ይህን ማን ያየዋል ብዬ ጠየቅኩ። እኔ፣ አስተማሪዬ፣ እና ሰኞ ደግሞ ኮፒው ለማኅበራችሁ ይላካል፤ ትናንት የፈረሙት ላይ አለ አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ማንበቤን አምናለች። የሃያ ስምንት ዓመት ሥራዬ ሰኞ በኢሜይል ሊያልቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሰው ዓሣውን ይበላል፣ ትላልቆቹ ወፎች ለትርፍራፊው ይጋፋሉ። አንድ አስተናጋጅ ዝም ብዬ መቀመጤን አይቶ ምን ልታዘዝ ሲለኝ ጾም ላይ ነኝ አልኩት፤ እሱም የታሸገ ውሃ አምጥቶ ጋሼ ይቀመጡ ግድ የለም ብሎኝ ሄደ። ድሬ ሐይቅ ስለሌለ እዚያ የሚያዝን ሰው ወዴት አይቶ እንደሚያዝን አሰብኩ። እኛ ያለን ደረቅ ወንዝ ነው።

እራት ላይ አንድ ጉርሻ በልቼ እጄን ሰበሰብኩ። ወይዘሮ ማርታ ሽሮው ሰለቸህ ወይ አለችኝ። ውለታዋን በዝምታ ከምመልስ ብዬ ሳላነብ አንድ ነገር ፈርሜ ጨንቆኛል አልኳት። መቼ ፈረምክ? ትናንት፣ ቡርሳሜውን እንደበላን። እጇን ከትሪው አነሳች። ሊዲያን ስልክ ደውላ ጠራቻት፤ ልጅቷ ከግቢው ማዶ ነው የምትኖረው፣ ወዲያው መጣች።

«ያበላሁትን እንግዳ በእኔ ማዕድ ላይ አስፈረምሽው?» አለቻት ወይዘሮ ማርታ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ሽማግሌ እንኳ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ጉዳዩ ሳይሰማለት እህል አይቀምስም። ለምን ይመስልሻል? አብረው ከበሉ በኋላ ተጠያቂው እንቢ ማለት ያፍራል። እንቢ ማለት ለማይችል ሰው ጥያቄ አይቀርብለትም፣ ልጄ።»

ሊዲያ ፊቷ ቀላ። መምህሬ ደንቡን አስተምሮኛል፣ ይህን ግን አላስተማረኝም አለች። ከዚያ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ የቅቤው ምልክት ያለበትን ገጽ ቀደደችው። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ እመጣለሁ ብላኝ ወጣች።

ቅዳሜ

መጣች፤ ውሃ እንኳ አልተሰጣትም። በረንዳው ላይ ተቀምጠን አራቱን ገጽ መስመር በመስመር በአማርኛ አነበበችልኝ። ያልገባኝ ጋ ስትደርስ አስቆማት ነበር። ስምዎ አይጻፍም የሚል ቦታ ላይ እሷው ራሷ ቆመች። ስም ባይጻፍም የዓይን አካሄድ እንደ አሻራ ነው፣ አንድ ቀን ሌላ ቦታ መነጽር ቢያጠልቁ ይኼ የተሾመ ዓይን ነው ሊባል ይችላል፣ ይህን ካልነገርኩዎት ግማሽ እውነት ነው አለችኝ። ዓይን ምን እንደታመመ፣ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚፈራ እንደሚናገርም ነገረችኝ። ጫቱን አልጠቀሰችም። ስለዚያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

መዝገቡ ለጥናቷ እንዲቆይ ፈቀድኩ። ለማኅበሩ ግን አይላክ አልኩ። ጻፈች፤ እኔም በባዶ ሆዴ ፈረምኩ።

እስክሪብቶውን ዘግታ ቀና አለች። «እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትን ለማንም አልናገርም። ለእርስዎ አለመናገር ግን አልችልም። ግራዎን አያዩም።»

አውቃለሁ አልኳት። ይህን ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። አህያዋንም ነገርኳት፣ ሃምሳውን ሰውም። ወይዘሮ ማርታ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ማኅበሩ ምን ያደርገኝ ይሆን ስል፣ ማታ የተቆጣሁት በማዕዴ ላይ ስላስፈረመችህ ነው እንጂ ይደበቅ አላልኩም፣ የምትናገረው ግን አንተ ነህ አለችኝ። ተቆጥታኝ አልነበረም፤ ግን ሃምሳውን ሰው እንዳሰበች ከዓይኗ ገባኝ። ለዚያ መነጽር አላስፈለገኝም።

አቶ ሳሙኤል ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሚሠራ አለቃውን አስፈቅዶ ፒያሳ አጠገብ ወዳለ የዓይን ክሊኒክ ወሰደኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አብሮኝ ተቀመጠ። ስለ መዝገብ ክፍሉ ሲያወራልኝ፣ ሰው የራሱን ፋይል ልይ ሲል ያለ ማንገራገር እንደሚሰጥ፣ የሌላውን ልይ ሲል ግን ቁልፉ እንደሚጠፋበት ነገረኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ግላኮማ ነው አለች፤ የዓይን ግፊት። ግራው የጠፋበት አይመለስም፣ ቀኙም ጀምሮታል፤ ጠብታውን በየቀኑ ሳያቋርጡ ከጨመሩ ግን የቀረው ይቆያል። ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር እናወራ ነበር አለችኝ። የሕዝብ መኪና መንዳቱንስ ስላት፣ ይብቃዎት አለች በለሰለሰ ድምፅ።

ውጭ ስንወጣ አቶ ሳሙኤል ጠጋ አለኝ። ክንዴን ይዞ በግራዬ በኩል ሆኖ እስከ ቤት አራመደኝ። በግራዬ መሆኑን ያወቅኩት በሩ ላይ ስንደርስ ነው፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን መድኃኒት ያገኘሁት በደግ ሰዎች መካከል ስለወደቅኩ ነው።

እሑድና ሰኞ

እሑድ እነሱ ወደ ጉባኤያቸው፣ እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከሰዓት በኋላ የአቶ ሳሙኤል ወንድም ወደሚያርስበት ወደ ቡሹሎ ወሰዱኝ። እርጥብ አፈር፣ እንሰት፣ ከዛፎቹ ጀርባ ሐይቁ። ወንድምየው አቮካዶ በጆንያ ሞልቶ ሰጠኝ። ሾፌር እንደሆንኩ ስለሰማ መኪና ያለኝ መስሎት ነው፤ ይህን ሁሉ በምን ልሸከመው ስለው አዝኖ ግማሹን ቀነሰው። ግማሹም ቢሆን እስከ አዳማ ወገቤን ቆረጠኝ፤ በዚህኛው ጊዜ የወገቤ ሕመም እውነት ነበር።

ሰኞ ገና ሲነጋ ሦስቱም መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሊዲያ የመዝገቡን አንድ ኮፒ በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ። የእርስዎ ነው፣ ለማን እንደሚያሳዩት እርስዎ ያውቃሉ አለች። ወይዘሮ ማርታ ለመንገድ ዳቦ ቋጥራልኝ ቆማ ጸለየችልኝ፣ እኔም እንደ እነሱ ዓይኔን ጨፍኜ አሜን አልኩ።

ድሬ

ለባለቤቴ የነገርኳት በገባሁበት ቀን ነው። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ጠብታውን የምትጨምርልኝ እሷ እንደሆነች አወጀች።

የማኅበሩ ስብሰባ ሐሙስ ነበር። ሾፌሮቹ ሁሉ መጥተዋል። ሊቀ መንበሩ የመነጽሩ ውጤት ከሀዋሳ አልደረሰንም፣ ምነው አለኝ። ተነሣሁ። መነጽሩ ጥሩ ነው፣ ይገዛ አልኩ። ግን ውጤቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ለዓይኑ ባለቤት ይሁን፣ ታክሞ እስኪመለስም ጊዜ ይሰጠው፣ ውጤቱ ከወንበሩ ያንሣው እንጂ እንጀራውን አይቁረጥበት፣ እስከዚያው መሪውን ሌላ ይያዝለት አልኩ። አንዱ ከኋላ፣ አንተ ምን ቸገረህ ተሼ፣ የአንተ ዓይን ጤነኛ ነው ሲል ሰማሁ። በደንገጎ ቁልቁለት ፍሬን ተበጥሶብኝ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

«ግራ ጎኔን አላይም» አልኩ። «ውጤቱ ያልደረሳችሁ እንዳይላክ ስላደረግኩ ነው። የምነግራችሁ እኔ ነኝ።» የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ መነጽሩ ይገዛ አይገዛ የሚለው ለሌላ ቀን ይቆይ ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ሲሸኘኝ ስምሪት ክፍል ሰው እንደሚያስፈልግ ብቻ ነገረኝ። ቤት ገብቼ ያለ ቁልፍ ኪሴ ቀለለኝ፤ ጥሩ ቅለት ይሁን መጥፎ አላወቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ከማኅበሩ ሾፌሮች አንዱ የሆነው አብዲ ነው፤ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፣ አራት ልጆች አሉት፣ በስብሰባው ላይ ቃል አልተናገረም። ስለ ሙቀቱ አወራኝ፣ ስለ ጎማ ዋጋ አወራኝ። ግባ ብለው አልገባም አለ።

«ተሼ» አለኝ በመጨረሻ፣ ወደ መንገዱ እያየ። «አንተ ግራህን ነው አይደል ያልከው? የእኔ ቀኙ ነው።»

ጫማዬን አጠለቅኩና አብረን ሐኪም ፍለጋ ሄድን።